ስፒን ለግላይደር ተማሪ፦ ግዴታ መሆኑ ተገቢ ነው?

አራዳ_ጊዮርጊስ
ሰኞ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። በመጪው ክረምት እንግሊዝ አገር ወንድሜ ዘንድ ሄጄ ግላይደር፣ ማለትም ሞተር የሌለው አውሮፕላን፣ ማብረር ልማር ነው። ክለቡ የላከልኝን የትምህርት ዝርዝር ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። ተማሪ ብቻውን ከመብረሩ በፊት ከአስተማሪ ጋር ሆኖ ስፒን ውስጥ መግባትና መውጣት መለማመድ አለበት ይላል። አባቴም አብሮኝ አነበበውና "ሰው ከሚፈራው ነገር ይሸሻል እንጂ ገንዘብ ከፍሎ ይገባበታል?" አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

የማውቀው ከንባብ ያገኘሁትን ብቻ ነው። ክንፍ አየሩን የሚገጥምበት ማዕዘን ከልክ ሲያልፍ አየሩ ከክንፉ ላይ ይላቀቃል፣ ክንፉም የመሸከም ኃይሉን ያጣል፤ ይህ ስቶል ነው። አንዱ ክንፍ ከሌላው በርትቶ ስቶል ሲያደርግ ደግሞ አውሮፕላኑ ወደዚያው ጎን እየዞረ ይወርዳል፤ ስፒን የሚባለው ይህ ነው። ታዲያ ስቶልን ቀድሞ አውቆ ማምለጥ ከተቻለ፣ ስፒኑን ራሱን መቅመስ ምን ይጨምራል? በልምምዱ ላይ ሳሉ ተማሪና አስተማሪ አብረው የሞቱባቸው አደጋዎች እንዳሉም አንብቤአለሁ። የበረራችሁ ሰዎች በግልጽ ንገሩኝ።


የድሮው_ሳፊር
ሰኞ ከምሽቱ 3፡02

ልጄ፣ ተማሪ። ሳትማሪ ብቻሽን እንዳትወጪ።

እኔ በአየር ኃይል ቤት ቢሾፍቱ የሠለጠንኩት በስዊድኑ ሳፊር ነው። በዚያ አውሮፕላን አስተማሪና ተማሪ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። አስተማሪዬ ከፍ ካልን በኋላ አፍንጫውን አነሣ፣ ሞተሩን ቀነሰ፣ አንዱን ፔዳል እስከ መጨረሻው ረገጠ፤ ሐይቁ ከመስታወቱ ፊት ለፊት መዞር ጀመረ። ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ "ያንተ ነው" አለኝ። ያን ጊዜ ሁለቱ እጆቼ መሪውን ወደ ሆዴ ለመሳብ እንዴት እንደቸኮሉ ዛሬም ይሰማኛል። ምድር ወደ ፊትህ ስትመጣ መሳብ የሰው ተፈጥሮ ነው። የሚያድነው ግን መግፋት ነው። ይህን ከመጽሐፍ ማወቅና ምድር እየዞረች ማድረግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አባትሽን ሰላም በይልኝ።


ቀጥታ_በረራ
ሰኞ ከምሽቱ 4፡20

ጋሼ፣ ልምድዎን አከብራለሁ። ነገር ግን ሌላውም ወገን ይሰማ።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1949 ስፒንን ከግል አብራሪዎች ግዴታ ሥልጠና አውጥተውታል። እስከ ዛሬም እንዲለማመዱት የሚገደዱት ለአስተማሪነት የሚፈተኑት ናቸው፤ የግላይደር አስተማሪዎችም በዚህ ውስጥ አሉ። የውሳኔው መነሻ ሐሳብ ግልጽ ነው። ሰው የሚገድለው ስፒን በአብዛኛው የሚጀምረው ከመሬት አቅራቢያ፣ ለማረፍ ሲታጠፉ ወይም ከተነሡ ብዙም ሳይቆዩ ነው። እዚያ ላይ የመውጫውን ዘዴ በቃልህ ብታውቀውም ለመውጣት የሚበቃ ከፍታ የለህም። ስለዚህ ጊዜውና ገንዘቡ ስቶልን ቀድሞ በማወቅ ላይ ይዋል ተባለ።

እኔ የማበረው ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላን ነው። ሥልጠናችን በሙሉ ወደ ጠርዙ አለመቅረብ ላይ የተመሠረተ ነው። የእህታችን አባት ጥያቄ ቀላል ተደርጎ እንዳይታይ። ለማዳን የተነደፈ ልምምድ ራሱ ሰው ሲገድል፣ ትርፉና ኪሣራው በጥንቃቄ መመዘን አለበት።


የሱፍ_ክር
ማክሰኞ ከጠዋቱ 1፡10

ቀጥታ_በረራ ያነሣው ነጥብ ከባድ ነው፤ በዝግታ ልመልስለት። ውጭ አገር ለዓመታት ግላይደር አስተምሬአለሁ፤ አሁን አገሬ ገብቼ ካዛንቺስ ነው የምኖረው።

ከግላይደር ጠባይ ልጀምር። የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪ የበረራውን አብዛኛውን ክፍል ቀጥ ብሎ፣ ከስቶል ፍጥነቱ እጅግ ርቆ ይሄዳል። የግላይደር አብራሪ ሞተር የለውም፤ ከፍታ የሚያገኘው ከምድር በሚወጣ ሞቃት አየር ውስጥ ጠባብ ክብ እየሠራ ነው። ቀትር ላይ ከጊዮርጊስ በላይ ወይም ከጥቁር አንበሳ ጀርባ የሚዞሩትን ጭልፊቶች ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ከፍ እያሉ የሚሄዱት በዚሁ አየር ነው። ግላይደርም 40 እና 45 ዲግሪ አዘንብሎ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ በሚንጠው አየር ውስጥ ለሰዓታት እንዲሁ ይዞራል። ሲያዘነብል ደግሞ የስቶል ፍጥነቱ ከፍ ይላል፤ በ45 ዲግሪ በ19 በመቶ፣ በ60 ዲግሪ በ41 በመቶ ገደማ። ቀጥ ብሎ ሲበር በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ላይ ስቶል የሚያደርግ ግላይደር በ45 ዲግሪ ዝንባሌ 77 ላይ ያደርገዋል ማለት ነው። ክንፉም ረጅም ነው፤ የተለመደው ባለ ሁለት መቀመጫ ማሠልጠኛ ከጫፍ እስከ ጫፍ 17 ሜትር ገደማ ነው። በጠባብ ክብ ውስጥ የውስጠኛው ክንፍ ጫፍ ከውጭኛው ባነሰ ፍጥነት አየሩን ያቋርጣል። እንግዲህ ቀጥታ_በረራ ስለ ጠርዝ ተናግሯል፤ የግላይደር አብራሪ እንጀራውን የሚጋግረው ጠርዙ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልግባ። "ዝቅ ብሎ የገባ አይወጣም" መባሉ እውነት ነው። ግላይደር እንኳ ስፒን ከገባበት እስኪወጣና ቀጥ እስኪል ብዙውን ጊዜ ከመቶ ሜትር በላይ ያጣል። ይህ እውነት ግን ሥልጠናውን አያስቀርም፤ ሥልጠናው ምን ላይ ማተኮር እንዳለበት ነው የሚነግረን። እኔ ለተማሪ ከሁሉ አብልጬ የማስተምረው መግቢያውን ነው።

ለማረፍ የሚደረገውን የመጨረሻ መታጠፊያ እንየው። አብራሪው ዝቅ ብሏል፣ ሜዳው ርቆበታል። መሬት ስለቀረበው ክንፉን በደንብ ማዘንበል ያስፈራዋል። ስለዚህ በትንሹ ያዘነብልና አፍንጫውን በራደር፣ በእግር ፔዳል በሚዞረው የጅራት መሪ ማለት ነው፣ ወደ ሜዳው ይገፋዋል። አፍንጫው ዝቅ ሲል መሪ ዘንጉን ይስባል። ዝንባሌው እየጨመረ ሲመጣበት ዘንጉን በተቃራኒው ጎን ይይዛል፤ ይህም የታችኛው ክንፍ ኤሌሮን፣ በክንፉ ጠርዝ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል ማለት ነው፣ ወደ ታች እንዲወርድና የዚያኑ ክንፍ ማዕዘን ይበልጥ እንዲያድግ ያደርጋል። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ለስፒን የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቷል።

ይህንኑ ከ1,000 ሜትር በላይ ሆነን አሳያለሁ። "700 ሜትር ላይ መሬት አለ እንበል፤ ለማረፍ ታጠፍ" እለዋለሁ ተማሪውን። ከዓይኑ ፊት በመስታወቱ ላይ ጣት የምታህል የሱፍ ክር ተለጥፋለች። ግላይደሩ ንጹሕ ሲበር ክሯ ቀጥ ብላ ወደ ኋላ ትተኛለች። ራደር ሲበዛበት ነጻው ጫፏ ወደ መታጠፊያው ውስጥ ይሸሻል። "ክሯን እያት" እላለሁ። የነፋሱ ድምፅ ይቀየራል፣ መሪው በእጅ ላይ ይላላል። አፍንጫው ግን ከአድማስ በላይ ብዙም አልተነሣም፤ ተማሪው ደግሞ ከመጽሐፍ ያወቀው ስቶል ሁልጊዜ አፍንጫን ወደ ሰማይ ሲያቀና ነው። በዚያ መካከል የታችኛው ክንፍ ከሥሩ ይከዳዋል። ከወጣን በኋላ ከፍታ መለኪያውን እንዲያነብልኝ እጠይቀዋለሁ። መርፌው 700ን አልፎ ወርዷል።

ይህን ያየ ተማሪ ከዚያ በኋላ ለማረፍ ሲታጠፍ ፍጥነቱን ሳይነገረው ያያል፣ ክሯንም ያያል። በስቶል ልምምድ ብቻ ይህን የማየት ልማድ አምጥቶ ያሳየኝ ተማሪ አላጋጠመኝም። ቀጥ ብሎ የሚደረግ የዋህ ስቶል፣ አፍንጫው ከፍ ብሎ ቀስ ብሎ የሚወርድበት፣ ከገዳዩ ስቶል ጋር በመልክ አይመሳሰልም።


እናት_ካዛንቺስ
ማክሰኞ ከጠዋቱ 3፡45

ልጄ በረራ ትማራለች። ሁሉንም በጥሞና አነበብኩ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ተማሪዋ ከፈራች "ዛሬ አልችልም" ማለት ትችላለች? ወይስ አስተማሪው ገፍቶ ያስገባታል?


የሱፍ_ክር
ማክሰኞ ከጠዋቱ 4፡30

እማማ፣ ትችላለች። ጥሩ አስተማሪ ገፍቶ አያስገባም። ስፒን በመጀመሪያው ሳምንት የሚቀርብ ትምህርት አይደለም። ቀስ ያለ በረራ፣ ስቶል፣ የክንፍ መውደቅ፣ ጅምሩ ላይ የሚቆም ስፒን እያለ ነው ወደ ሙሉው የሚደረሰው፤ በእያንዳንዱ ደረጃ መሪው በማን እጅ እንደሆነ ቀድሞ ይነገራል። በፍርሃት የደረቀ ተማሪ ዘንጉን ጨምድዶ ሊይዝ ስለሚችል ማስገደድ ለአስተማሪውም አደጋ ነው። ልጅዎ ምድር ላይ ቁጭ ብላ "ምን ልናደርግ ነው?" ብላ ጠይቃ ሙሉ መልስ ካላገኘች አትሳፈር።


አራዳ_ጊዮርጊስ
ማክሰኞ ከቀኑ 7፡20

ስለ መግቢያው የጻፍከውን ለአባቴ ምሳ ላይ አነበብኩለት። ዝም ብሎ አዳመጠና "መውጫውስ?" አለ። እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ሌላም ልጨምር፦ የክለቡ ማሠልጠኛ ኤኤስኬ 21 ነው፤ ይህ ግላይደር ስፒን አይገባም ሲሉ ሰምቻለሁ። የማይገባ ከሆነ በምን እንማራለን?


የሱፍ_ክር
ማክሰኞ ከቀኑ 9፡05

መውጫው እንዲህ ነው፤ ሁልጊዜም የበላዩ የዚያ ግላይደር የበረራ መመሪያ መጽሐፍ መሆኑን አትርሺ። ኤሌሮኖቹን መሃል ላይ አድርጊ። ከሽክርክሪቱ በተቃራኒ ያለውን ራደር እስከ መጨረሻው ርገጪ። ከዚያ ዘንጉን ሽክርክሪቱ እስኪቆም ድረስ በተረጋጋ እጅ ወደ ፊት ውሰጂ። እንደቆመ ራደሩን ወዲያው ወደ መሃል መልሺ። ከዚህ በኋላ አፍንጫሽ ወደ ምድር ያቀናል፣ ፍጥነትም ይጨምራል፤ ሳትጎትቺ ሳትዘገዪም በልስላሴ ቀጥ አድርጊው።

ሰዎች ሁለት ቦታ ይሳሳታሉ። አንደኛው የወደቀውን ክንፍ በዘንጉ ለማንሣት መሞከር ነው፤ ለምን እንደሚያባብሰው ከላይ ጽፌአለሁ። ሁለተኛው ሽክርክሪቱ ከቆመ በኋላ ራደሩን ረግጦ መቆየት ነው፤ በሌላው አቅጣጫ ሊያስገባ ይችላል።

ከስፒን ጋር የሚምታታ ሌላ ነገርም አለ፤ ጠመዝማዛ ቁልቁለት እንበለው። ከውስጥ ሆኖ ለሚያይ ሁለቱም ምድር ስትዞር ነው የሚታየው። የሚለያቸው የፍጥነት መለኪያው ነው። በስፒን ጊዜ ፍጥነቱ ዝቅ ብሎ ይቆያል፤ በቁልቁለቱ ጊዜ ግን በፍጥነት ያድጋል፣ ወንበሩም ወደ ታች ይጫንሻል። ቁልቁለቱ ውስጥ ክንፉ እየሠራ ስለሆነ መጀመሪያ ዝንባሌውን አቃንተሽ ነው የምትወጪው። የስፒን መድኃኒት ለዚህ አይሠራም፣ የዚህም ለስፒን። ሁለቱን በዓይኗ አይታ የማታውቅ ተማሪ በስንት ሰከንድ ትለያቸዋለች? ለእኔ ለልምምዱ ከሚቀርቡት ምክንያቶች አንዱ ትልቁ ይህ ነው።

ኤኤስኬ 21 ስፒን ውስጥ መግባት የማይወድ እርጋታ ያለው ግላይደር ነው። ለዚህ ሲባል ለልምምድ ጊዜ ጅራቱ ላይ የሚታሰር ክብደት ተሠርቶለታል። ዲጂ 1000ም የጅራት ክብደት ማስቀመጫ አለው። የፖላንዱ ፑሃች ግን ያለ ምንም ጭማሪ ይገባል፤ ብዙ ክለቦች ለዚህ ሥልጠና የሚመርጡትም ለዚሁ ነው፤ ጥብቅ ጥንቃቄ የሚፈልገውም ለዚሁ ነው።

የክብደት ነገር ከተነሣ ስለ አንቺም ልናገር። በብዙ ግላይደሮች የፊት መቀመጫው ዝቅተኛ ጭነት ፓራሹቱን ጨምሮ 70 ኪሎ ገደማ ነው። ከዚያ በታች ከሆንሽ የክብደቱ መሃል ወደ ኋላ ይሸሻል። ወደ ኋላ በሸሸ ቁጥር ስፒን መግባቱ ይቀላል፣ መውጣቱም ይከብዳል። ስለዚህ ከወንበሩ ሥር ወይም ከፊት የሚጨመር የእርሳስ ክብደት ይኖራል። ጋቢናው ውስጥ የተለጠፈውን የጭነት ሰሌዳ ራስሽ አንብቢ፤ ክብደትሽን በግምት እንዳትናገሪ፣ ተመዘኚ።


ለገሃር_ሦስተኛ_ፎቅ
ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡30

ሐኪም ነኝ፤ አብራሪ አይደለሁም። ጋሼ ሳፊር ስለ እጃቸው የጻፉት የሰውነት ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ልበል።

በውስጠኛው ጆሯችን መዞርን የሚለኩ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ቱቦዎች አሉ። የሚለኩት የመዞርን ለውጥ እንጂ መዞርን ራሱን አይደለም። ሽክርክሪቱ ባልተለወጠ ፍጥነት ለጥቂት አሥር ሰከንዶች ከቀጠለ ስሜቱ እየደበዘዘ ይጠፋል፤ ሲቆም ደግሞ በተቃራኒው የዞርን ይመስለናል። ዓይን አድማስን ካላገኘ አእምሮ የሚያምነው ይህን የተሳሳተ ስሜት ነው። ሁለተኛው ነገር ክብደት የማጣት ስሜት ነው። አፍንጫው ዝቅ ሲል ሆድ ወደ ላይ የሚነሣበት ያ ስሜት አንዳንድ ሰዎችን እጅግ ያስደነግጣል፤ ከነጭርሱ ማሰብ ያቆማሉ። ደጋግመው በእርጋታ ሲያገኙት ግን ብዙዎቹ ይለምዱታል። ማቅለሽለሽም እንዲሁ። በባዶ ሆድ አትሂጂ፣ ጠግበሽም አትሂጂ።


የሱፍ_ክር
ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡10

ዶክተር፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ክብደት ማጣትን ከስቶል ጋር የሚያምታቱ ተማሪዎች አሉ። ሆዳቸው ሲነሣ "ስቶል ነው" ብለው ዘንጉን የበለጠ ይገፋሉ፤ ሲገፉ ስሜቱ ይብሳል፣ አሁንም ይገፋሉ። ዝቅ ብሎ ከሆነ ይህ ራሱ ይገድላል። ስለዚህ ሁለቱን ለይቶ ማሳየት የስፒን ትምህርት ክፍል ነው።


ወመዘክር_አንባቢ
ረቡዕ ከጠዋቱ 2፡50

ታሪኩን ለሚወድ፦ በአቪዬሽን መጀመሪያ ዘመን ስፒን የገባ አብራሪ መውጫውን የሚነግረው አልነበረም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 1912 ዊልፍሬድ ፓርክ የተባለ እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኮንን በአንድ የአቭሮ አውሮፕላን ሲበር ስፒን ገባ። ሞተሩን ሙሉ ሰጠ፣ መሪውን ሳበ፣ ራደሩን ወደ ሽክርክሪቱ አቅጣጫ ረገጠ። ሁሉም አልሠራም። ምድር ሊደርስ 50 ጫማ ገደማ ሲቀረው ራደሩን በተቃራኒው ረገጠና አውሮፕላኑ ቀጥ አለ። እንደወረደ ያደረገውን ሁሉ ለባለሙያዎች ዘርዝሮ ተናገረ፤ ያም ምስክርነት ብዙዎች የሚማሩበት ሆነ። ፓርክ ራሱ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በሌላ አደጋ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1917 ደግሞ ፍሬድሪክ ሊንደማን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ማብረር ተምሮ፣ ፋርንቦሮ ላይ ሆን ብሎ ስፒን እየገባ ፍጥነቱንና የክንፉን ማዕዘን በመሣሪያ እየለካ መዝግቧል።

እኔን የገረመኝ ፓርክ መጀመሪያ ከሞከራቸው አንዱ ነው። መሳብ። ጋሼ ሳፊር የተናገሩት ያው ነው።


ቀጥታ_በረራ
ረቡዕ ከቀኑ 6፡40

ሁሉንም አንብቤአለሁ። መሳብን በተመለከተ ልከራከር አልችልም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2009 ከሪዮ ወደ ፓሪስ ይበር የነበረው የኤር ፍራንስ 447 አውሮፕላን ስቶል አድርጎ ከሦስት ደቂቃ በላይ ሲወርድ፣ መሪው በአብዛኛው ወደ ኋላ ተስቦ ነበር። 228 ሰው አለቀ። ስፒን አልነበረም፣ ነገር ግን የእጁ ነገር አንድ ነው። ከዚያና ከመሰል አደጋዎች በኋላ አውሮፓ ውስጥ ለሙያ አብራሪዎች በእውነተኛ አውሮፕላን ላይ ከተለመደው የበረራ ሁኔታ ወጥቶ የመመለስ ሥልጠና እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። ስለዚህ የ1949ኙ አመለካከት በእኛም ዘንድ ተሻሽሏል ማለት ይቻላል።

ሁለት ነገር ግን አልለቅም። የመጀመሪያው አስተማሪው ነው። ስፒንን በዓመት አንድ ጊዜ ለወረቀት ሲል የሚሠራ አስተማሪ ተማሪ ይዞ መግባት የለበትም። ሁለተኛው መተማመን ነው። ከፍታ ላይ በተሳካ ሁኔታ የወጣ ወጣት "እችለዋለሁ" ብሎ ከታች እንዲደፍር የሚያደርገው ከሆነ፣ ሥልጠናው ጎድቶታል። የሱፍ_ክር ለዚህ ምን ትላለህ?


የሱፍ_ክር
ረቡዕ ከምሽቱ 1፡55

በሁለቱም እስማማለሁ። ሁለተኛውን በተለይ በደንብ ነው ያስቀመጥከው። እንደ ትርኢት የሚሰጥ ስፒን፣ ከፍ ብሎ አፍንጫ አንሥቶ ፔዳል ረግጦ እንደ እንዝርት ዞሮ መውጣት ብቻ ከሆነ፣ ተማሪውን ያስደስተዋል እንጂ አይጠብቀውም። ማንም አብራሪ ለማረፍ ሲታጠፍ በዚያ መልክ አይገባም። ለዚህ ነው ሐሰተኛውን መሬት 700 ሜትር ላይ የማስቀምጠው፤ መውጣቱ ተሳክቶለትም "ሞተሃል" እንዲባል። ይህን ቃል ቀልጄ ተናግሬው አላውቅም።

የአስተማሪውን ብቃት በተመለከተ የእህታችን መብት መጠየቅ ነው። በልምምድ ላይ የደረሱት ሞቶች ለእኔ እንዲሁ በወሬ የሚነሡ አይደሉም፤ በሙያችን ውስጥ ያለን ሰዎች እንሸከማቸዋለን። ከፍታው በቂ ካልሆነ፣ ሌላ አውሮፕላን ከታች መኖር አለመኖሩ በዙሪያ ተዙሮ ካልታየ፣ የሁለቱ ሰዎች ክብደት ካልተሠላ፣ ጋቢናው ውስጥ ልቅ ዕቃ ካለ፣ ፓራሹቱ ካልታሰረ ልምምዱ ይቅር። አየሩ የማይመች ቀን ሲሆንም ይቅር። ይህን ሁሉ የሚያሟላ ክለብ ግን ተማሪውን ለብቻው ከመልቀቁ በፊት ስፒን ቢያሳየው፣ ለእኔ ዕዳውን ከፍሏል።


ስታዲየም_ዙሪያ
ረቡዕ ከምሽቱ 3፡15

የምህንድስና ተማሪ ነኝ። አንድ ቀን እዚህ፣ በሱሉልታ ሜዳ ወይም በእንጦጦ ጀርባ ግላይደር ቢበር ከፍታችን ስፒኑን ይለውጠዋል?


የሱፍ_ክር
ረቡዕ ከምሽቱ 4፡00

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቦሌ እንኳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ ሱሉልታ ከዚያም ይበልጣል። በሞቃት ቀን የቦሌ አየር ጥግግት በባሕር ጠለል ካለው መደበኛ አየር ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የፍጥነት መለኪያው ላይ ስቶል የሚነበብበት ቁጥር አይለወጥም፤ አየሩ ውስጥ በእውነት የምትሄድበት ፍጥነት ግን ከሚነበበው 15 በመቶ ገደማ ይበልጣል። የመታጠፊያህ ክብ ስፋት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ በተመሳሳይ ዝንባሌ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይሰፋል። ከስፒን ወጥተህ ቀጥ እስክትልም የምታጣው ከፍታ ይጨምራል።

አደገኛው ግን ዓይን ነው። ዝቅ ስትል ምድር ከለመድከው ፈጥና ትሸሻለች፤ "ፈጥኛለሁ" ብለህ መሪውን ትስባለህ። መታጠፊያህም ስለሰፋ ሜዳው ያመልጥሃል፤ አፍንጫውን በራደር ልትገፋ ትፈተናለህ። ከላይ የጻፍኩት ሰንሰለት እዚህ ከተማ ላይ አንድ ተጨማሪ ቀለበት አለው። በባሕር ጠለል አጠገብ የተማረች አብራሪ አገሯ ገብታ ብትበር፣ የመጀመሪያ ሥራዋ ዓይኗን ትታ ፍጥነቱን ከመለኪያው ላይ ማንበብ መሆን አለበት።


የድሮው_ሳፊር
ሐሙስ ከጠዋቱ 1፡20

ይህ እውነት ነው። ልደታ ሜዳ አውሮፕላን ያርፍበት በነበረ ጊዜ ከቆላ የሚመጡ አብራሪዎች ረዝመው ሲያርፉ እናይ ነበር። ምክንያቱ ይኸው ነው።


አራዳ_ጊዮርጊስ
ሐሙስ ከምሽቱ 2፡30

ዛሬ ለክለቡ ጻፍኩ። የጠየቅኩት ይህን ነው፦ ስፒኑን የሚያስተምሩኝ በየትኛው ግላይደር እንደሆነ፣ የጅራት ክብደት የሚታሰር ከሆነ የእኔና የአስተማሪው ክብደት አብሮ የሚሠላው በማን እንደሆነ፣ ከምን ያህል ከፍታ እንደሚጀመርና ከየትኛው ከፍታ በታች እንደማይወረድ፣ አስተማሪው በቅርቡ መቼ እንደሠራው፣ ለማረፍ ከሚደረገው መታጠፊያ የሚጀምረውንም ስፒን ያሳዩኝ እንደሆነ። የመጨረሻውን ያስጨመረኝ አባቴ ነው። ሁሉንም ካነበብኩለት በኋላ "ዋናው እርሱ ነው፣ እርሱን ጠይቂያቸው" አለኝ። ሂጂ ገና አላለኝም።

ፒያሳ ያለው ሚዛን ላይ ከነጃኬቴ ተመዘንኩ፤ 52 ኪሎ ነኝ። የሱፍ_ክር፣ እርሳሱ አይቀርልኝም ማለት ነው?


የሱፍ_ክር
ሐሙስ ከምሽቱ 2፡48

አይቀርልሽም። ፓራሹት 6 ወይም 7 ኪሎ ቢሆን እንኳ 60 አትሞዪም። ስንት ኪሎ እርሳስ እንደሚጨመርና የት እንደሚታሰር በዚያው ደብዳቤ ጠይቂያቸው፤ ታስሮም በእጅሽ ነቅንቀሽ አረጋግጪ። አባትሽ ፈቃደኛ ከሆኑ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ካለው ካፌ እንገናኝ። ክንፏ ረጅም የሆነች ትንሽ የእንጨት ሞዴል አለችኝ፤ መግቢያውንም መውጫውንም በእጃቸው ይዘው እንዲያዩት አደርጋለሁ። ቀጥታ_በረራ፣ ከተማ ውስጥ ካለህ አንተም ና፤ የአስተማሪውን ጉዳይ በአንተ አፍ ቢሰሙት ይሻላል።


ቀጥታ_በረራ
ሐሙስ ከምሽቱ 3፡05

ቅዳሜ ጠዋት ከበረራ እገባለሁ። 9 ሰዓት ላይ እገኛለሁ።